መንታ ልጆቼን የት ላስተኛቸው?

ጥያቄ

ሲስተር እንደምን አሉ? የመጀመሪያ እርግዝናዬ ነው። መንታ ናቸው። ስምንተኛ ወሬን ይዣለሁ። ሐኪሜ ቀናቸው ሳይደርስ ሊወለዱ ስለሚችሉ ከአሁኑ ተዘጋጂ ብሎኛል፤ የምወልደውም በኦፕራሲዮን ሳይሆን አይቀርም። መኝታ ቤታችን ጠባብ ነው። አልጋችን በአንድ በኩል ከግድግዳው ጋር ልጥፍ ብሏል። በሌላው በኩል አንድ ሜትር ከሃያ ያህል ክፍት ቦታ አለ። እህቴ ልጆቿ ያደጉበትን ትልቅ የሕፃን አልጋ ልትሰጠኝ ነው። ጎኑ ወደ ታች የሚወርድ የድሮ አልጋ ነው። አማቴ «ማኅፀን ውስጥ አብረው የኖሩትን ምን ለያያቸው? አንድ ላይ ይተኙ» ይላሉ። ባለቤቴ ከእኛ አልጋ ጋር የሚገጠም፣ መሐሉ ላይ መለያ ያለው የመንታ አልጋ አይቶ ወዶታል። ጓደኛዬ ደግሞ ጭንቅላታቸውን ከፍ የሚያደርግ፣ ዙሪያው ለስላሳ ትራስ የሆነ መተኛ በስጦታ አምጥታልኛለች። ሁሉም ለእኔ አስበው ነው። እኔ ግን ግራ ገብቶኛል። የቱን ልምረጥ?

መልስ

እህቴ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። በሰላም ያገላግልሽ።

እኔ የምሠራው ቀናቸው ሳይደርስ የተወለዱ ሕፃናት ክፍል ውስጥ ነው። መንታ ከክፍላችን ጠፍቶ አያውቅም፤ ከመንታዎች ግማሽ ያህሉ፣ እንዲያውም ከዚያ በላይ የሚሆኑት፣ 37 ሳምንት ሳይሞላቸው ነው የሚወለዱት። ስለዚህ ያንቺን ጥያቄ ልጆቻቸውን ይዘው ሊወጡ ከተዘጋጁ እናቶች በየጊዜው እሰማዋለሁ።

መልሱን አስቀድሜ ልንገርሽ። ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ አልጋ ይኑረው። ሁለቱም አልጋዎች እናንተ የምትተኙበት ክፍል ውስጥ፣ እጅሽ የሚደርስበት ቦታ ይሁኑ። ፍራሹ ጠንካራና ዝርግ ይሁን። ፍራሹ ላይ ልክክ ብሎ የተወጠረ አንሶላ፣ አንሶላው ላይ ልጁ፣ በቃ። ትራስ የለም፣ ብርድ ልብስ የለም፣ አሻንጉሊት የለም። ልጁ ቀንም ሌሊትም በጀርባው ይተኛል። ቢያንስ እስከ ስድስት ወር ድረስ ክፍላችሁ ውስጥ ይቆዩ።

አሁን ወደ ምርጫው። አልጋ የሚመረጠው ቀን ላይ ነው፤ ሰው ነቅቶ፣ በደንብ ማሰብ በሚችልበት ሰዓት። የሚፈተነው ግን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው። አንዱን አጥብተሽ ሳትጨርሺ ሌላኛው ይነሳል። ቁስልሽ ያምሻል። ዓይንሽ እየተከደነ ያስቸግርሻል። በዚያ ሰዓት ልጁን ለማስተኛት ዙሪያውን መሄድ፣ ከባድ ነገር ማንሳት ወይም ጎንበስ ብሎ መታገል የሚጠይቅ ዝግጅት ካለሽ «ለዛሬ እዚሁ አጠገቤ ይተኛ» ማለትሽ አይቀርም። ማንም እናት ትለዋለች። ስለዚህ ቀላሉ ቦታ ራሱ ደህናው ቦታ መሆን አለበት። እኔ ማንኛውንም አልጋ የምመዝነው በዚህ ነው።

ከአማትሽ ሐሳብ ልጀምር፤ ብዙ ቤት ውስጥ የሚነሳ ነው። ማኅፀን ውስጥ አብረው መኖራቸው እውነት ነው። ግን እዚያ እያሉ በአፍንጫቸው አይተነፍሱም ነበር። ኦክስጅኑ በእትብት ነበር የሚመጣላቸው። የአንዱ ክንድ የሌላው ፊት ላይ ቢያርፍ የሚጎዳው ነገር አልነበረም። ከተወለዱ በኋላ ነገሩ ይለወጣል። የአንዱ እጅ ወይም ጭንቅላት የሌላውን አፍንጫና አፍ ሊሸፍን ይችላል። የአንድ ወር ልጅ ደግሞ ገፍቶ አያነሳውም፤ ፊቱንም አዙሮ ለማምለጥ አቅም የለውም። ሁለት ሰውነት ሲጠጋጋ ሙቀቱም ይጨምራል። ሕፃን ከመጠን በላይ መሞቁ በእንቅልፍ ላይ ከሚያጋጥም ድንገተኛ ሞት ጋር የተያያዘ ነገር ነው።

እዚህ ላይ ባለሙያዎችም ሙሉ በሙሉ አንድ ቃል እንዳልሆኑ ማወቅ አለብሽ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ መንታዎች ሆስፒታልም ሆነ ቤት ለየብቻ ይተኙ ይላል። እንግሊዞች ጋ ደግሞ ገና መገልበጥ ያልጀመሩ መንታዎች አንድ ትልቅ የሕፃን አልጋ ላይ ሊተኙ እንደሚችሉ ይመከራል። ግን በሥርዓት ነው። ሁለቱም በጀርባቸው፣ ጎን ለጎን ወይም አናታቸው ወደ መሐል ሆኖ እግራቸው በየራሳቸው ጫፍ እንዲሆን። በመካከላቸው የተጠቀለለ ፎጣም ሆነ ትራስ አይገባም። ቅርጫት መሰል ትንሽ አልጋ ላይ ደግሞ ሁለት ልጅ በፍጹም አይተኛም።

እኔ የመጀመሪያውን ነው የምመክርሽ። ምክንያቴ ያንቺ ልጆች ቀናቸው ሳይደርስ ሊወለዱ መቻላቸው ነው። ያለጊዜያቸው የተወለዱና ክብደታቸው ዝቅ ያለ ሕፃናት ለድንገተኛ ሞት ያላቸው ተጋላጭነት ከሌሎቹ ይበልጣል። ሁለት አልጋ ማዘጋጀት የምትችይ ከሆነ ይህን ስጋት ለምን ትጨምሪበታለሽ? የሚዘገይ ነገር ገጥሞሽ ለጥቂት ቀን አንድ ትልቅ አልጋ ብቻ ካለሽ ግን ሁለቱን ይዘሽ አልጋሽ ላይ ከማደር የእንግሊዞቹ መንገድ ይሻላል። ለአማትሽም ልጆቹ እንደማይነፋፈቁ ንገሪያቸው። ነቅተው ሳሉ አጠገብ ለአጠገብ ይጋደሙ። አማትሽ ራሳቸው ተቀምጠው ሁለቱንም ደረታቸው ላይ ይቀፏቸው፤ ነቅተው እስካሉ ድረስ። ለእንቅልፍ ሲሆን ብቻ ወደየአልጋቸው።

ወደ ክፍልሽ ልግባ። አንድ ሜትር ከሃያ ብለሻል። ሜትር አምጪና አብረን እንለካ። አልጋ አጠገብ የሚቆሙት ትንንሽ የሕፃን አልጋዎች ርዝመታቸው ከ80 እስከ 95 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ወርዳቸው ደግሞ ከ50 እስከ 60። የእናንተ አልጋ ርዝመቱ 190 አካባቢ ነው ብለን እንውሰድ። ሁለቱን ትንንሽ አልጋዎች በርዝመታቸው ብትቀጥያቸው ከአልጋችሁ ርዝመት ጋር እኩል ይመጣሉ። ይህ ለጠባብ ክፍል ትልቅ ዕድል ነው።

ግን ከአልጋችሁ ጋር አታጣብቂያቸው። ሁለቱንም ከማዶው ግድግዳ ጋር አስጠጊያቸው። በእነሱና በአልጋሽ መካከል 60 ሳንቲ ሜትር ያህል መተላለፊያ ይቀርሻል። ለምን ብትዪ፣ አልጋችሁ በሌላ በኩል ግድግዳ አለው። በዚህኛው በኩል ደግሞ በሕፃን አልጋ ከዘጋሽው መውጫሽ በእግርጌ ብቻ ይሆናል። ሆዷ የተሰፋ ሴት ደግሞ አልጋ ላይ እየተንፏቀቀች ወደ እግርጌ መውረድ የለባትም። መተላለፊያው ካለ ወደ ጎንሽ ትዞሪያለሽ፣ እግርሽን ታወርጃለሽ፣ ትቀመጫለሽ። እዚያው ተቀምጠሽ እጅሽን ብትዘረጊ ቅርቡን ልጅ ታገኚዋለሽ። ትንሽ ፈቀቅ ብትዪ ሌላውን። አንቺ በክፍቱ በኩል ተኚ። ባለቤትሽም ሌሊት መነሳቱ ስለማይቀር በእግርጌ በኩል መውረጃ ይተውለት።

አልጋዎቹን ስትገዢ መደባቸው ከእናንተ ፍራሽ ከፍታ ብዙም የማይርቅ ይሁን። ትልቁ የሕፃን አልጋ ጥልቅ ነው። ልጁን ለማንሳት ከወገብሽ ታጥፈሽ ወደ ውስጥ መግባት አለብሽ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይህን ቁስልሽ አይፈቅድልሽም። ፍራሹን ከፍ ለማድረግ ብለሽ ከሥሩ ሌላ ፍራሽ ወይም ስፖንጅ እንዳትጨምሪ። አብሮት ከመጣው ፍራሽ ውጪ ምንም አይገባም። ተጨማሪው ፍራሽ ጎን ላይ ክፍተት ይፈጥራል፤ ሕፃን እዚያ ውስጥ ፊቱ ሊቀበር ይችላል። የአልጋዎቹን ቦታ ስታስተካክዪ የመጋረጃ ገመድ፣ የስልክ ቻርጀር ሽቦና ማሞቂያ ከአጠገባቸው አርቂ።

ባለቤትሽ የወደደው የመንታ አልጋ መጥፎ አይደለም። ግን ከመግዛታችሁ በፊት በዓይናችሁ ይታይ፣ በእጃችሁ ይነካ። መለያው ተነቃይ ለስላሳ ጨርቅ ከሆነ አልፈልገውም። ልጅ ተጠግቶ ፊቱን ቢደፋበት አየር የሚያሳልፍ የተወጠረ መረብ መሆን አለበት፤ ከፍራሹ ሥር ጀምሮ የተያዘና ስትገፊው የማይተኛ። ከአልጋችሁ ጋር የሚገጠም ሲሆን ደግሞ ሁሉም ነገር ያለው መገናኛው ላይ ነው። በሕፃኑ ፍራሽና በእናንተ ፍራሽ መካከል ምንም ክፍተት መኖር የለበትም። ማሰሪያ ቀበቶው በደንብ ተጠብቆ ከእናንተ አልጋ አካል ጋር ይታሰር። ዛሬ ገጥሞ ነገ ሊላቀቅ ስለሚችል በየማታው በእጅሽ ገፍተሽ ፈትሺው። ክፍተቱን በፎጣ ወይም በትራስ መሙላት መፍትሔ አይደለም፤ ራሱ አደጋ ነው። የእናንተ ብርድ ልብስም ተንሸራትቶ ወደ ልጆቹ ሊገባ ይችላል። ለዚህ ሁሉ ነው፣ ባንቺ ክፍል ውስጥ፣ አራቱም ጎናቸው ሙሉ የሆኑ ሁለት ለየብቻ የቆሙ አልጋዎች የሚቀሉኝ።

የእህትሽን አልጋ ግን እምቢ በዪ። ጎናቸው ወደ ታች የሚወርድ የሕፃን አልጋዎች አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ እንዳይመረቱና እንዳይሸጡ ተከልክለዋል። ብሎናቸው ሲላላ ወይም ፕላስቲካቸው ሲሰበር የሚወርደው ጎን ከአንድ ጥጉ ይለቃል። በክፍተቱ መሐል ሕፃናት ተጣብቀው ሞተዋል። እህትሽ ልጆቿን ያለ ችግር አሳድጋበት ይሆናል። አልጋው ግን ከዚያ ወዲህ አርጅቷል። ሌላ ያገለገለ አልጋ ካገኘሽ ግን ችግር የለውም፤ በሁለት ነገር ፈትሺው። የጎኑ ቋሚ እንጨቶች ከ6 ሳንቲ ሜትር በላይ አይራራቁ፤ የለስላሳ ቆርቆሮ በመሐላቸው የሚያልፍ ከሆነ ሰፊ ነው። ፍራሹና የአልጋው ጠርዝ መካከል ደግሞ ሁለት ጣትሽ ከገባ ፍራሹ ጠቦታል። የጎደለ ብሎንና የተሰነጠቀ እንጨት ካለበት እዚያው ተዪው።

የጓደኛሽን ስጦታ አመስግነሽ ተቀበይ፤ ለእንቅልፍ ግን አትጠቀሚበት። ይህን አጥብቄ ነው የምነግርሽ። የአራስ ልጅ ጭንቅላት ከሰውነቱ ጋር ሲነጻጸር ከባድ ነው፤ አንገቱ ደግሞ ገና አልጠነከረም። ዘንበል ያለ ነገር ላይ ስታስተኚው አገጩ ወደ ደረቱ ይወርዳል። የአየር ቧንቧው ቀጭንና ለስላሳ ስለሆነ በቀላሉ ይታጠፋል። ይህ ሲሆን ልጁ አያለቅስም፤ ድምፅ የለውም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣችው ሕግ ከ10 ዲግሪ በላይ ያዘነበሉ የሕፃናት መተኛዎችንና አልጋ ውስጥ ዙሪያውን የሚታሰሩ ስፖንጆችን ከገበያ ያስወጣችው በዚህ ዓይነት ሞት ምክንያት ነው። የመኪና ወንበርም እንደዚያው ነው፤ ለመንገድ ይሁን፣ ቤት ስትደርሱ ልጁን አውጥተሽ አልጋው ላይ አስተኚው።

«ታዲያ በጀርባው ዝርግ ሲተኛ ቢያቀረሽ አይታነቅም?» ትዪኝ ይሆናል። ሁሉም ይፈራዋል፤ ፍርሃቱም ተገቢ ነው። አካሉ ግን የተሠራው በተቃራኒው ነው። ልጅ በጀርባው ሲተኛ የአየር ቧንቧው ከላይ፣ የምግብ ቧንቧው ከሥር ይሆናል። የተመለሰው ወተት ወደ አየር ቧንቧ ለመግባት ሽቅብ መውጣት አለበት። በሆዱ ስታስተኚው ግን የአየር ቧንቧው ከታች ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1994 አሜሪካ ውስጥ ሕፃናትን በጀርባ የማስተኛት ዘመቻ ከተጀመረ በኋላ በድንገት የሚሞቱት ቁጥር በግማሽ ገደማ ቀንሷል።

አንድ ነገር ቀድሜ ላስጠንቅቅሽ። ልጆችሽ እኛ ዓይነት ክፍል ከገቡ በሆዳቸው ተኝተው ልታገኚያቸው ትችያለሽ። በጣም ትንንሾቹ በሆዳቸው ሲተኙ አተነፋፈሳቸው ስለሚሻል ነው። ግን በዚያ ሰዓት እግራቸው ላይ ኦክስጅን የሚለካ ገመድ አለ። ደረታቸው ላይ የልብ ምት የሚያነብ ተለጥፏል። አጠገባቸውም ነርስ አለች። እየጠነከሩ ሲሄዱ፣ ከመውጣታቸው በፊት፣ በጀርባ ማስተኛት እንጀምራለን። ነርሷን «ከመቼ ጀምሮ ነው በጀርባ የምታስተኟቸው?» ብለሽ ጠይቂ። ክፍሉ ውስጥ ያየሽውን አተኛኘት ቤት ይዘሽ እንዳትሄጂ። እግር ላይ እንደ ካልሲ የሚለበስ መቆጣጠሪያ ለቤት የሚሸጥ አለ፤ እሱ የእኛን መሣሪያ አይተካም፤ ደህና አተኛኘትንም አይተካም።

ሌሊት ስታጠቢስ? ሁለቱን በአንድ ጊዜ ለማጥባት በትራስ ታጥረሽ የምትቀመጪበት ሰዓት አለ። እንቅልፍ የሚጥልሽ ያኔ ነው። በተለይ ሶፋ ላይ ወይም ባለ መደገፊያ ወንበር ላይ ሆነሽ ሌሊት አታጥቢ። ልጅ በእናቱ ገላና በሶፋው መሐል ሊሰምጥ ይችላል፤ ከሁሉም የከፋው ቦታ እሱ ነው። አልጋሽ ላይ ተቀመጪ፤ ብርድ ልብሱን ወዲያ ግፊው። በግድግዳውና በአልጋው መሐል ትንሽም ክፍተት ካለ አልጋውን ገፍታችሁ ዝጉት። ድንገት ሸለብ አድርጎሽ ከነቃሽ፣ የነቃሽበት ደቂቃ ልጆቹን ወደየአልጋቸው መልሺ። የማጥቢያው ትራስ ለማጥባት ብቻ ነው፤ ልጅ አይተኛበትም። ቀናቸው ሳይደርስ የተወለዱ ወይም ከ2.5 ኪሎ በታች የሆኑ ልጆችን ይዞ አንድ አልጋ ላይ ማደር እንግሊዞቹም ቢሆኑ በፍጹም አይመክሩም። ባለቤትሽ በማጥባት ሊተካሽ አይችልም፤ ልጅ ተቀብሎ ማስገሳት፣ ዳይፐር መቀየርና በጀርባ መልሶ ማስተኛት ግን ይችላል። ከመውለድሽ በፊት ተነጋገሩበት። አንቺ ታጠቢያለሽ፣ እሱ ያስተኛል። በዚህ ዓይነት ልጅ አቅፎ የሚያንቀላፋ ሰው አይኖርም።

ስለ ብርዱ አትጨነቂ። ብርድ ልብስ ሳይሆን የሚለበስ የመኝታ ከረጢት አልብሺያቸው። በክብደታቸው ልክ ይሁን። ሲሰፋ አንገቱ ላይ ያልፍና ፊታቸውን ይሸፍናል፤ የመንታ ልጆች ደግሞ ትንንሾች ስለሆኑ ይህ ብዙ ጊዜ ይታያል። እጃቸው ቢቀዘቅዝ አትደንግጪ። ጀርባቸውን ወይም ማጅራታቸውን ዳብሺ። ላብ ካለ አንድ ልብስ ቀንሺ። ቤት ውስጥ ሲተኙ ቆብ አውልቂላቸው። ቤትሽ ውስጥ የሚያጨስ ሰው ካለ ውጪ ወጥቶ ማጨሱ ብቻ አይበቃም፤ ልብሱን ቀይሮ፣ እጁን ታጥቦ ይቅረባቸው። ቢያቆም ደግሞ ለልጆቹ ትልቁ ስጦታ ነው።

ጥያቄ

ሲስተር፣ መንታዎቼ አራት ወር ሆኗቸዋል። አንድ ትልቅ አልጋ ላይ፣ በጨርቅ ተጠቅልለው፣ ጎን ለጎን ነው የሚያድሩት። በዚህ ሳምንት ሴቷ መገልበጥ ጀመረች። ወንዱ ገና ነው። ሁለቱም እስኪገለበጡ ልጠብቅ ወይስ ልለያያቸው?

መልስ

ወንድሜ፣ ዛሬ ማታ ለያቸው። ወንዱን አትጠብቅ። አሁን አደጋው ለእሱ ነው፤ እህቱ ተገልብጣ ላዩ ላይ ብታርፍ ሊገፋት አይችልም።

መጠቅለሉንም ዛሬውኑ አቁም፤ ለሁለቱም። ልጅቷ ተጠቅልላ በሆዷ ብትገለበጥ እጇ ታስሮ ፊቷን ከፍራሹ ማንሳት አትችልም። ልጁም መቼ እንደሚጀምር አይታወቅም፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚታወቀው ከተገለበጠ በኋላ ነው። እጃቸው ነፃ የሆነ የመኝታ ከረጢት አልብሳቸው። ሁለት ሦስት ሌሊት ሊነጫነጩ ይችላሉ።

ሁልጊዜ በጀርባ አስተኛት። ከጀርባ ወደ ሆድም፣ ከሆድ ወደ ጀርባም በራሷ መገልበጥ ስትችል ግን ተኝታ ብትዞር መተው ትችላለህ። እስከዚያ ድረስ በሆዷ ስታገኛት በቀስታ መልሳት። ቀን ላይ ነቅተው ሳሉ፣ አንተ እያየሃቸው፣ ሁለቱንም በሆዳቸው አስተኝተህ አጫውታቸው፤ አንገትና ትከሻቸው የሚጠነክረው በዚያ ነው።

ሁለተኛ አልጋ እስክትገዛ የምትዘረጋዋ ተጣጣፊ የሕፃን አልጋ ትበቃለች፤ አብሯት ከመጣው ፍራሽ ሌላ አትጨምርባት። ሶፋ ወይም የእናንተ አልጋ ላይ ግን አታስተኛቸው። ትንሿን የጎን አልጋ ለመግዛት አስበህ ከሆነ ደግሞ ተወው። መገልበጥ የጀመረ ወይም በእጁና በጉልበቱ ከፍ ማለት የሚሞክር ልጅ ከእሷ ያለፈ ነው። ሁለቱም በየራሳቸው ጥልቅ አልጋ ላይ ይተኙ። የፍራሹንም ከፍታ ልጅቷ መቀመጥ ከመጀመሯ በፊት ዝቅ አድርገው።